የመሪጌታ ሳል

ኅዳር 13 ቀን 1980

ይህ ደብተር የልጄ የገብረ ኪዳን ነው። በፊት በኩል ስለ አፈር ዓይነትና ስለ እንግሊዝኛ ግስ ጽፎበት ሳይጨርሰው ቀርቷል። እኔ ከኋላ ጀምሬዋለሁ፤ ሲመጣ መሐል ላይ እንገናኛለን። ዓምና በግንቦት ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ከዚሁ ከበራችን ፊት ካሚዮን ላይ አሳፍረው ወደ ጎንደር በኩል ይዘውት ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

ዳዊት የደገምኩት ከአባቴ እግር ሥር ተቀምጬ ነው፤ እጄን ያፍታታው ደግሞ መሠረተ ትምህርት ነው። የሰማዩም የምድሩም መንግሥት ደክመውብኛል ማለት ነው። የምጽፈው ለማንም አይደለም። የነፍስ አባቴ የእኔን ነገር መስማት ስለታከታቸው ነው። ባለፈው ስናዘዝ ገና ግማሽ ሳልደርስ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው ተነሡ። የቀረው ግማሽ እዚህ ይሰፍራል።

ትናንት ኅዳር ሚካኤል ነበር፤ ኅዳር ታጠነ። ወረታ በሙሉ ጥራጊውን በየደጁ አቃጥሎ በሽታ ሲያባርር ዋለ። የእኛ ሰፈር ጥራጊ ቢያንሰው ዓይኑን ወደ እብቁ ጣለ። ከመንገዱ ማዶ፣ በሐይቁ በኩል፣ የገበሬ ማህበሩ የሩዝ መፈልፈያ አለ። ሩዝ ለአገራችን አዲስ ነው። ፍሬውን መብላት ለምደናል፤ እብቁን ምን እንደምናደርገው ግን የሚያውቅ የለም። ከብት እንኳ አሽትቶ ያልፈዋል። ስለዚህ የዓምናው እብቅ ቤት አክሎ ተቆልሎ ከርሟል። «የበሽታ መደበቂያ እሱ ነው» የሚል ሰው ተገኘ። ክብሪት ቢጭሩበት አልያዝ አለ። በኋላ አንዲት ሴት ከምድጃዋ ፍም በገል ይዛ መጣችና ከሥሩ ሸጎጠችበት፤ ያን ጊዜ ያዘ። ጭሱ ወፍራም ነው። በሽታ ካለ አይተርፍም።

የሴትዮዋን ስም መጻፍ አያስፈልግም።

ኅዳር 19

እብቁ አሁንም ይጨሳል። ነበልባል የለው፣ ዝም ብሎ ከሆዱ ይቃጠላል። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሣ ጭሱ መንገዱን ተሻግሮ ያለ «ቤቶች» ቤታችን ይገባል። ካሚዮኖቹ ደግሞ አቧራውን ያክሉበታል። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገናኙት እዚሁ እኛው ጋ ስለሆነ የሁለቱም አቧራ ድርሻችን ነው።

በራችን ፊት፣ መንገዱ ዳር፣ አንዲት ድንጋይ አለች። ከሰዓት በኋላ እሷ ላይ እቀመጣለሁ። ዶሮዬን ከመኪና ለመጠበቅ ነው። ጎረቤቴ ገላነሽ «ዶሮሽ እኮ ጓሮ ናት» አለችኝ። ዶሮ እግር እንዳላት ረስታለች። ካሚዮን ሲያልፍ ቀና የምለውም አንገቴን ለማፍታታት ነው።

ራት ላይ ፉጨት ሰማሁ። ቀጭን ናት፤ ትመጣለች፣ ትሄዳለች። ባሌ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ የአጥቢያችን የማኅሌት መሪ ናቸው፤ ደረታቸው ቢጎዳ እንጀራቸውም ክብራቸውም እዚያው ነው። «መሪጌታ፣ ደረትዎ እያፏጨ ነው። ጭሱ ገባብዎ» አልኳቸው። ከዚያ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ አፍንጫቸውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቆዩ። ፉጨቷ አልቆመችም።

«አሁንስ?» አሉኝ ሲለቁት።

ዶሮዋ ናት አልኳቸው። ዶሮዋ ጥግ ላይ ተኝታ ነበር፤ ተኝቶ የሚያፏጭ ስንት አለ።

ኅዳር 21

እንዳልኩት ሆነ። መሪጌታ ዛሬ ማለዳ ሳል ጀመራቸው። ከትናንት ወዲያ ያላመኑኝን ዛሬ ደረታቸው መሰከረባቸው።

ጽዮን ስለሆነች አብረን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣን። ቤተ ክርስቲያናችን ጉብታ ላይ ናት፤ ጉብታዋ ዘንድሮ ከፍ ብላለች። አጋማሹ ላይ ስደርስ ቆም ብዬ ሜዳውን ማየት ልማዴ ነው። ከብቱ፣ ውሃው የሸሸበት ጥቁር መሬት፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ሐይቁ፤ ሰው ይህን ሳያይ እንዴት ያልፋል? ዛሬ ግን እኔ ልቆም ስል መሪጌታ ቀደሙኝ። ዞር ብለው አዩኝና ሳላቸውን ለቀቁት፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። እኔም ለእሳቸው ስል ቆምኩ። ትንሽ እንደ ሄድን ደግሞ ዞር ብለው አዩኝ፣ አሳሉ፣ ቆምን። እንዲህ እያልን ደረስን። ምስኪን።

ማኅሌቱ ላይ ግን አንዴም አላሳሉም። ጽዮን ረድታቸው ነው።

ኅዳር 28

የእህቴ ልጅ ማናዬ መጣች። ከጤና ጣቢያው ጤና ረዳት ናት፤ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ ሳትጠመጥም ውሃ ለመቅዳትም አትወጣም። ለመሪጌታ ብዬ ያስጠራኋት እኔ ነኝ። እሳቸው ግን ሸሚዜን አልገልጥም ብለው ድርቅ አሉ። አንቺ ቅደሚና ልየው፣ የሚያምም ከሆነ ይቅርብኝ አሉ። ማኅሌት ላይ አንበሳ የሆነ ሰው ለዚህች ለጆሮ ማዳመጫ! ምን ላድርግ፣ ቀደምኩ።

ማናዬ ጀርባዬን ብዙ አዳመጠችው። ተንፍሺ፣ ያዢ፣ ተንፍሺ፣ እንደገና። ለመለማመድ መሆን አለበት። መሪጌታን ግን አንዴ ነካ አድርጋ ተወቻቸው። ከዚያ ሁለቱ ተያዩና ማናዬ ጉሮሮዋን ጠርጋ ፈረደች፤ አስም ነው፣ የያዛቸውም መሪጌታን ነው አለች። ይህን በሽታ የሚቀሰቅሰው አየር ነው አለች። ጭስ፣ የመንገድ አቧራ፣ የመፈልፈያው ብናኝ ወደ ደረት ሲገባ የትንፋሹ መንገድ ያብጣል፣ ይጠባል። ፉጨቱ በጠባቡ ሲያልፍ ነው። መድኃኒቱ ቢኖርም አየሩ ካልተሻለ ዋጋ የለውም አለች። ይህን ሁሉ ስትናገር የምታየው ግን እኔን ነው። የቤቱ ኃላፊ ማን እንደሆነ ታውቃለች።

መሪጌታ መንገድ ዳር መቀመጥም ክፉ ነው ወይ ብለው ጠየቋት። እሱማ ከሁሉ የባሰ ነው አለች። መንገድ ዳር ተቀምጠው አያውቁ፣ ምን አስጠየቃቸው።

ስትወጣ የእብቁን ጭስ አይታ ይህን የለኮሰ ሰው ሊጠየቅ ይገባል አለች። አዎ አልኩ፤ ሊጠየቅ ይገባል።

ታኅሣሥ 3

ክኒን። ነጭ፣ ትንሽ፣ መራራ። መሪጌታ ለብቻዬ አልውጥም፣ ሥጋችን አንድ ነው፣ አንቺም ዋጪ አሉ። ማናዬም አይጎዳትም አለች። በየቀኑ እኔ እቀድማለሁ፣ እሳቸው ይከተላሉ፤ ከዚያ ፈጠን ብለው ወደ ጓሮ ይወጣሉ።

ከዋጥኩት በኋላ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤም ይዘላል፤ ትንፋሼ ግን ለቀቅ ይላል። ዛሬ ቤቱን ሁሉ ጠረግኩ፣ ጎተራውን ገለበጥኩ፣ የገላነሽንም ደጅ ጨመርኩላት። በጭሱ ንዴት ነው። ጥሩ ንዴት።

ዶሮዋ ነገረ ሥራዋ አላማረኝም። ጓሮ ውስጥ ያለ ዕረፍት ትሽከረከራለች፤ ጎረቤት ውሻ ሳይቀር አባረረች።

ታኅሣሥ 9

የመሪጌታ ሳል አልተሻለም። እብቁ እስካለ አይሻላቸውም ብዬ ቆረጥኩ።

በመጀመሪያ ውሃ ሞከርኩ። ገላነሽንና ሌሎች ሴቶችን አስተባብሬ በእንስራ አፈሰስንበት። ጭሱ ለጊዜው ነጭ ሆነ እንጂ አልጠፋም። አንዱን ጎን ስናጠፋ በሌላው ይወጣል። እንስራዬን ይዤ ስመለስ ሦስት ጊዜ ሜዳውን አየሁ፤ ዛሬ በጣም ያምር ነበር።

ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። አሁን የመምረጊያ ጊዜ ነው። አዝመራ ገብቶ ሰው ሁሉ ጭቃ እየረገጠ የቤቱን ግድግዳ የሚመርግበት። ለጭቃው ጭድ ያስፈልጋል፣ ጭድ ደግሞ ዘንድሮ ለከብቱም አልበቃ። ገበያ ወርጄ ለአንዲት ሴት ብቻ፣ ለማንም እንዳትናገሪ ብዬ አስምዬ፣ የሩዝ እብቅ የተቀላቀለበት ጭቃ ምስጥ አይደፍረውም አልኳት። ከየት ሰማሽ አለችኝ። ሩዙን ያመጡት የውጭ አገር ሰዎች ቤታቸውን የሚመርጉት በእሱ ነው አልኩ። አይቻቸው አላውቅም። ግን ያልሠሩት ነገር ለመሆኑ ማን አየ?

ከገበያ ስወጣ ያንኑ ወሬ ሌላ ሰው ለእኔው ነገረኝ። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ።

ታኅሣሥ 17

ስብሰባ። የማህበሩ ሊቀ መንበር ጓድ አያልነህ ተቆጥተው ዋሉ። ሰው እብቁን በጆንያ፣ በአህያ፣ በነጠላ ሳይቀር እየዛቀ ነው። እብቁ የሕዝብ ንብረት ነው፣ አንድ ጭብጥ የነካ በአብዮታዊ እርምጃ ይጠየቃል አሉ። ዘብም አቆሙበት።

እስካሁን ግማሹ ሰው ወሬውን አላመነም ነበር። ጠመንጃ የያዘ ሰው እብቅ ሲጠብቅ ያየ ጊዜ ግን የማያምን ጠፋ። ጓድ አያልነህን እግዚአብሔር ይስጣቸው። እኔ ብቻዬን እንዲህ አላሳምንም ነበር።

ስብሰባው ላይ አንድ ጊዜ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ስቄ ነው። መሪጌታ ግን ገና እኔ አፌን በነጠላዬ ከመያዜ ዞር ብለው አዩኝና ያን የመሰለ ሳል አሳሉ። ለታማሚው አየር ይስጡት ተብሎ ሁለታችንንም አስወጡን።

ታኅሣሥ 24

እብቁ የለም። የነበረበት ቦታ ጥቁር ክብ ብቻ ቀርቷል። ዘቡ ራሱ የራሱን ቤት መርጎ እጁ ገና ጭቃ ነው አሉ። የጓድ አያልነህም ማድ ቤት አዲስ ምርጊት አለው፤ እብቁ ከውስጡ ፀሐይ ሲያገኘው ያብረቀርቃል። ማንም ምንም አላለም።

ጭሱ ጠፋ። ሰማዩ ታየ። ማህበሩ ሊቀ መንበር አድርጎ ሊመርጠኝ ይገባ ነበር።

መሪጌታ ሰማዩን አይተው «ጎበዝ» አሉኝ። ይህን ቃል ከሠርጋችን ወዲህ አልሰማሁትም። ታዲያ ሳልዎስ አልኳቸው። ገና ነው፣ አቧራው አለ አሉ፤ ድንጋይዋን አዩ።

ታኅሣሥ 29

ልደት ዘንድሮ በ28 ነበር፤ ትናንት። ከቅዳሴ ተመልሰን፣ ፆም ፈትተን ስናበቃ፣ ከሰዓት ብዙ ካሚዮን መጣ። ወታደር ጭኖ ወደ ሰሜን የሚሄድም፣ ከሰሜን የሚመለስም። የሚመለሱት ላይ የተኙ ሰዎች አሉ። ዶሮዋን ለመጠበቅ ወጣሁ። አቧራው መንገዱን ጋረደው፤ ፊት የሚባል ነገር አይለይም። ስለዚህ ተነሥቼ ጥቂት ተጠጋሁ፣ ከአንዱም ኋላ ትንሽ ሮጥኩ። አንድ ጠይም ልጅ እጁን ያወዛወዘልኝ መሰለኝ።

ከዚያ ተቀመጥኩ። ገላነሽ ወደቅሽ ትላለች፤ ገላነሽ ማጋነን ትወዳለች። አየሩ ሊገባልኝ አልፈለገም፣ ወይም እኔ አልፈለግኩትም፤ ከንፈርሽ ጠቁሮ ነበር አሉኝ። ማናዬ እየሮጠች መጣች። መርፌውን ለመሪጌታ ይዛው ኖሮ በጥድፊያ እኔን ወጋችኝ። ይኸው ነው የሆነው። ከዚያ ተሻለኝ፤ ማለቴ ደህና ነበርኩ።

መሪጌታ ያለቅሱ ነበር። አቧራ ገብቶብኝ ነው አሉ።

ጥር 3

መሪጌታ ወንዛዬ ካልሄድኩ እሞታለሁ አሉ። ፍል ውሃው፣ ከመኪና መንገድ የራቀው አየር፣ እሱ ነው የሚያድነኝ አሉ፤ ማናዬም አዎ አለች። ይሂዱ አልኳቸው። ብቻዬን አልሄድም አሉ። ማን ያሽኛል፣ ማን ልብሴን ይይዝልኛል። የደቀ መዛሙርት እጥረት የለብዎ አልኳቸው። ደቀ መዝሙር ሚስት አይሆንም አሉ።

ጥምቀትስ? ታቦት ሲወርድ ማን ይመራል? ሠላሳ ዓመት አካባቢ ያለ እሳቸው ታቦት ከመንበሩ ወርዶ አያውቅም። ለዚህች ቀን ሲሉ ከመስከረም ጀምረው ጉሮሯቸውን በማር ሲያሹ የሚከርሙ ሰው ናቸው። «ምክትሌ ይምራ» አሉ።

ይህ ሰው እውነትም ሊሞት ነው። ሌሊቱን ፈራሁ። ብዙ ነገር እጽፋለሁ እንጂ ያለ እሳቸው አንድ ቀን ማደር አልችልም፤ ይህን እዚህ ጽፌዋለሁ፣ በአፌ አልደግመውም።

ዶሮዋን ማን ይጠብቃታል ብዬ ነበር። ገላነሽ እኔ አለች። ካሚዮን ሲያልፍ ቀና በይ አልኳት። ለምን አላለችኝም።

ጥር 9፣ ወንዛዬ

እስከ መገንጠያው በጭነት መኪና፣ ከዚያ በበቅሎ መጣን። ጎጆ ተከራየን። ውሃው ይፈላል፣ ሰው እየተቃጠለ ያመሰግናል። የጉልበት ሕመምተኛ፣ የቆዳ ሕመምተኛ፣ ምንም ያልታመሙና ሐሜት ፈልገው የመጡ ሴቶችም አሉ፤ ቦታዬ ከእነሱ ዘንድ ነው።

መኪና የለም። አቧራ የለም። ጠዋት ጠዋት ጤዛ አለ።

ከወንዙ እስከ ጎጆው ያለው ዳገት ደህና ዳገት ነው። ዛሬ ውሃ ይዤ ወጣሁት። ከላይ ከደረስኩ በኋላ ነው ሜዳውን አላየሁም ያልኩት። ወደ ኋላ ዞሬ እንኳ አላየሁም። የሚታይ ነገር ስለሌለ ይሆናል።

ፉጨቷም ጠፋች። ፍል ውሃው ለመሪጌታ ተስማማቸው።

ጥር 12፣ ወንዛዬ

ትናንት ጥምቀት ነበር። እዚህ ታቦት ከሩቅ ደብር ስለሚወርድ ገና ጎህ ሲቀድ የከበሮ ድምፅ በስሱ ይሰማ ነበር። ነቃሁ፤ መሪጌታ ከጎኔ የሉም። ከጎጆው ወጣሁ። ታች ወንዙ ዳር ቆመዋል፤ ብቻቸውን፣ መቋሚያቸውን ይዘው። የጥምቀቱን ወረብ ይላሉ። ሙሉውን። ድምፃቸው ከዚያኛው ገደል ደርሶ ይመለሳል። አላቋረጡም፣ አላሳሉም፣ ትንፋሽ ለመሳብ እንኳ ጊዜ አላጠፉም። ጨርሰው ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጡ። እኔን በሩ ላይ ሲያዩ ዞር ብለው አዩኝና አሳሉ።

ሊታጠቡ ውሃ ዳር ሲወርዱ ትተውት የሄዱትን ጥምጥም ፈታሁት። ከእጥፋቱ ውስጥ ነጫጭ ክኒኖች ረገፉ። የዶሮዋ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ጓሮ የሚተፉት ለእሷ ነበር፤ እዚህ ዶሮ ስለሌለ ለጥምጥሙ ሆነ።

ሲመለሱ ክኒኖቹን መዳፌ ላይ ዘርግቼ ጠበቅኋቸው። ተቀመጡ።

«ደብሬ፣ ታመሻል ብልሽ አንድ እርምጃ አትሄጂልኝም ነበር» አሉ። «እኔ ታመምኩ ስል ግን ያንን የሚያህል ክምር አስነሣሽ።»

«ጥምቀትን የሚያህል ነገር ጥለው?»

«ጥምቀት በየዓመቱ ይመጣል።»

ጥር 13

ዛሬ ተናድጃለሁና «እሳቸው» አልለውም። ሰውዬው ውሸታም ነው። ውሸታም መሪጌታ! ኅዳርን ሙሉ፣ ታኅሣሥን ሙሉ፣ ሲያስል፣ እኔም ማር ስበጠብጥ፣ ጀርባውን ስወቅጥለት! የእህቴንም ልጅ ውሸት አስተማረ። ቤተ ዘመድ በሙሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻ፣ ሐሜት የማያመልጠኝ እኔ፣ ሳልሰማ ቀረሁ። ከሁሉ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ጠየቅኩት፤ መቼ ነው የጀመርከው አልኩት። አንቺ ፉጨቱን ለዶሮ ስትሰጪ ነው አለ። ለዶሮ ከምትሰጪው እኔ ልውሰደው ብዬ ነው አለ። ከዚያም ወዲያ አልሳቀም። ታኅሣሥ ላይ ስትወድቂ ፉጨቱም ጠፍቶ ነበር፣ ምንም አልነበረም፣ እሱን ከምሰማ ሳሌን ዕድሜ ልኬን ባስል እመርጣለሁ አለ።

ደረቴ ነው። እሺ። የእኔ ደረት ነው። አስም ያለብኝ እኔ ነኝ። ተጻፈ።

ግን ወደ ድንጋይዋ እመለሳለሁ። ይህንንም ነገርኩት። ዶሮዋን ማን ይጠብቃታል አልኩት። መቋሚያውን አንሥቶ ወደ ወንዙ ወረደ።

ጥር 15

መሪጌታ ሄዱ። ቤተ ክርስቲያኔን ለቅቄ ብዙ ቆየሁ፣ የነነዌም ጾም እየገባ ነው አሉ። እኔን ግን ወሩ እስኪያልቅ ከዚህ እንዳልነቃነቅ በሚካኤል አስማሉኝ። ለሳላቸው ሳይሆን ለደረቴ ነው የማልኩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ልባቸው ከበሮው ጋ ነው። ይሂዱ። ለታመመች ሚስት ፍል ውሃ፣ ለእሳቸው ማኅሌት። ወንድ።

ጥር 24፣ ወንዛዬ

ከወረታ የመጣች ሴት አገኘሁ። መሪጌታ ቤተ ክርስቲያን አይታዩም አለች፤ ከሰዓት በኋላ ማንም አያገኛቸውም፣ ምክትላቸው ነው የሚያስተምረው። የት እንደሚሄዱ ጠየቅኋት። ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። እኔ እንዳልናገር አለች።

ሌላ ቤት ይሆን? በዚህ ዕድሜ? ማናት? ገላነሽ ትሆን? ገላነሽ ያንን ሁሉ ደግነት ከየት አመጣችው! ስሄድ አያታለሁ።

የካቲት 1

መሐላዬን ጠብቄ ትናንት ተነሣሁ፣ ዛሬ ከሰዓት ወረታ ገባሁ። ሳላስነግር። የምይዘውን ነገር ልይዝ።

ከመኪና የወረድኩት መገናኛው ላይ ነው። ነፋሱ ተነሥቷል። ከፊቴ ካሚዮኖች አለፉ፣ አቧራው እንደ ልማዱ ወደ እኛ ቤት በኩል ወረደ። ሲገፈፍ ድንጋይዋ ላይ ሰው አየሁ። ጋቢው፣ ጥምጥሙ፣ ጢሙ ሁሉ ቡላ ሆኗል። ዓይኑ ብቻ ነው የቀረው፣ እሱም ካሚዮኑን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይሄዳል። መሪጌታ ናቸው።

ሄጄ ከጎናቸው ቆምኩ። አላዩኝም። አሳሉ። ጥልቅ፣ ደረቅ፣ ከሥር የሚነሣ ሳል። ከሳላቸው በፊት ዞር ብለው ማንንም አላዩም።

«መሪጌታ» አልኩ።

ደነገጡ። ከዚያ እንደ ሌባ ልብሳቸውን ማራገፍ ጀመሩ።

«ዶሮዋስ?»

«ዶሮዋማ ሳምንቷ» አሉ። «ካሚዮን ገጫት። ያን ዕለት ፊት ለማየት ቀና ብዬ ነበር፣ አላየኋትም።»

«ታዲያ ምን ሊጠብቁ ተቀመጡ?»

መጀመሪያ አሳሉ።

«አንቺ የምትጠብቂውን» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ ሰው ሳይኖር ቢያልፍስ ብዬ።»

ዶሮ ስጠብቅ አልነበረም። ልጄን ነው የምጠብቀው። ገብረ ኪዳንን። ያለፈውን ካሚዮን ሁሉ የማየው እሱ ካለበት ብዬ ነው፣ ቢያልፍ ቤቱ ባዶ መስሎት እንዳያልፍ ብዬ ነው። መሪጌታ ይህን ሳልነግራቸው ያውቁ ኖሯል፤ አንድም ቀን ዶሮ አይደለም አላሉኝም።

ሁለታችንም እዚያው ቆመን ስናሳል፣ እኔ ትንሽ እሳቸው ብዙ፣ ዓይኔ ከመንገዱ ማዶ ሄደ። እብቁ የነበረበት ጥቁር ክብ ላይ ሣር በቅሏል። አንድም ብናኝ የለበትም። ነፋሱ ከሐይቁ ወደ እኛ ነው የሚነፍሰው፤ አቧራውም ሁልጊዜ የሚወርደው ወደዚህ ነው። ስንት ጊዜ እዚህ ተቀምጬ አቧራ ስውጥ፣ ማዶ ንጹሕ አየር ብቻውን ይነፍስ ኖሯል። መሪጌታን «ያዙ» አልኳቸው። ምኑን አሉ። ድንጋይዋን።

ከሥሯ ነቀነቅናት። ሁለት ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ እያንከባለለ መንገድ መሐል ሲደርስ ጓድ አያልነህ በብስክሌት መጡ። ይህ ደግሞ ምንድነው አሉ። የሕዝብ ድንጋይ አይደለም፣ በራችን ላይ የነበረች ናት አልኳቸው። መፈልፈያው አጠገብ ያለ መሬት የማህበሩ ነው አሉ። የማድ ቤትዎ ምርጊት እንዴት ያምራል አልኳቸው። ብስክሌታቸውን አስደግፈው ሦስተኛ ሆነው ገፉልን።

ድንጋይዋን ከማዶ አቆምናት። ለሁለት ሰው ትጠባለች፤ ተጠጋግተን ተቀመጥን። የማናዬን ክኒን ከነጠላዬ ጫፍ ፈታሁ፣ የተፉትን ሳይሆን አዲሱን። ነገ እንድትመረምራቸው አስጠራታለሁ፤ እስከዚያ ግን የጀመሩትን ይጨርሱት። አንቺ ቅደሚ አሉ። ቀደምኩ። እሳቸውም ዋጡ። አፋቸውን አስከፍቼ፣ ምላሳቸውን አስነሥቼ አየሁ።

ከዚያ ከሰሜን ካሚዮን መጣ። ሁለታችንም ቀና አልን። አቧራው ወደ ወዲያኛው ወረደ፣ እኛ ጋ አልደረሰም። ኋላው ላይ የተቀመጡትን ልጆች አንድ በአንድ አየናቸው፤ ፊታቸው ጠርቶ ሲታየኝ የመጀመሪያዬ ነው።